የጥልቅ ባሕር ግዙፍ ስኩዊዶችን በትክክል ለማነጻጸር

ስለ ጥልቅ ባሕር ግዙፍ ስኩዊዶች የሚጻፉ ጽሑፎች በቁጥር አይስማሙም። አንዱ 13 ሜትር ሲል ሌላው 18 ሜትር ይላል፤ አንዱ ክብደቱን ግማሽ ቶን ሲያደርሰው ሌላው በግማሽ ይቀንሰዋል፤ አንባቢውም ሁለቱ ጽሑፎች ስለ አንድ እንስሳ ይናገሩ ወይስ ስለ ሁለት የተለያዩ እንስሳት ሳይገባው ይቀራል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለባዮሎጂ መምህራን፣ ለተማሪዎችና ሳይንስን በአማርኛ ለሚጽፉ ሰዎች ነው። «ትልቁ የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ መለኪያው አስቀድሞ ካልተወሰነ መልስ የለውም፤ መለኪያው ከተወሰነ በኋላ ግን የመጠኑ ልዩነት ራሱ እያንዳንዱ ዝርያ በዚያ ጨለማና ብርድ ውስጥ ኑሮውን በምን ዘዴ እንደሚገፋ ይነግረናል።

ለሥራው የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ አንድ ደብተር፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ጠመኔ፣ ከተገኘም ሚሊ ሜትር የሚያነብ ካሊፐር፣ እንዲሁም ያልተቆራረጠ አንድ የቀዘቀዘ ስኩዊድ ይበቃል። በደብተርዎ ላይ ለእያንዳንዱ ዝርያ አንድ ገጽ ይመድቡ፤ በገጹ ላይ ከሚያሰፍሩት ከእያንዳንዱ መረጃ አጠገብም ከሦስት ቃላት አንዱን ይጻፉ፦ «የተለካ»፣ «የታየ» ወይም «የተሰላ»። የተለካ ማለት አንድ ሰው የእንስሳውን አካል በእጁ ይዞ በመለኪያ ያረጋገጠው ነው፤ የታየ ማለት በካሜራ ወይም በዓይን የተመሰከረ ነው፤ የተሰላ ማለት ደግሞ ከሌላ ነገር ተነሥቶ በሒሳብ የተደረሰበት ነው። እነዚህን ሦስት ቃላት መጻፍ አድካሚ መስሎ ቢታይም የዚህ ሥራ ግማሽ እርሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ ላስታውስ።

ስሙን መለየት

በአማርኛ ለስኩዊድ የቆየ የራሳችን ስም ስለሌለን ቃሉን ከነድምፁ ተውሰን እንጠቀማለን፤ በዚህ ምንም ጉዳት የለም። ጉዳቱ የሚመጣው በዓለም ላይ ሁለት የተለያዩ እንስሳት ሆነው ሳለ ሁለቱም በአማርኛ «ግዙፍ ስኩዊድ» ተብለው ሲተረጎሙ ነው። የአንዱ ርዝመት ከሌላው ክብደት ጋር ተዳብሎ ያልነበረ ሦስተኛ እንስሳ የሚፈጠረውም በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው አርኪቴውቲስ ዱክስ ነው። ስሙን በ1857 ያወጣለት የዴንማርኩ ተመራማሪ ያፔቱስ ስቴንስትሩፕ ሲሆን በዚህ ጽሑፍ «ግዙፉ ስኩዊድ» የምለው እርሱን ብቻ ነው። ሁለተኛው ሜሶኒኮቴውቲስ ሃሚልቶኒ ነው። በ1925 ጋይ ሮብሰን የገለጸው ከአንድ ስፐርም ዓሣ ነባሪ ሆድ ውስጥ በተገኙ የክንድ ቅሪቶች ላይ ብቻ ተመሥርቶ ነው፤ እርሱን «ኮሎሳል ስኩዊድ» እለዋለሁ። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ አባላት እንኳን አይደሉም፤ ኮሎሳሉ በልጅነታቸው ሰውነታቸው እንደ መስታወት ከሚያሳልፈው የመስታወት ስኩዊዶች ወገን ነው። ለማነጻጸሪያ እንዲሆኑን ሁለት ሌሎችን እንጨምራለን፤ አንዱ በክንዶቹ ጫፍ ላይ ብርሃን የሚያበራው ታኒንጊያ ዳናይ ሲሆን ሌላው በምሥራቅ ፓስፊክ ከቺሊና ከፔሩ እስከ ሜክሲኮ ከዚያም አልፎ የሚገኘው የሁምቦልት ስኩዊድ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ዶሲዲከስ ጊጋስ ነው።

በየገጹ አናት ላይ ሳይንሳዊውን ስም ይጻፉ። ሳይንሳዊ ስም ያልተጠቀሰበት ምንጭ ካጋጠመዎት ቁጥሩን በእርሳስ ይጻፉት እንጂ በእስክሪብቶ አያስፍሩት።

ርዝመት፦ ከየት እስከ የት?

ስኩዊድ ስምንት ክንዶችና ሁለት ረጃጅም ቴንታክሎች አሉት። ከጭንቅላቱ ወደ ኋላ ያለው፣ የውስጥ አካላቱን ሁሉ እንደ ከረጢት ሸፍኖ የሚይዘው ጡንቻማ ክፍል ማንትል ይባላል። ተመራማሪዎች ስኩዊድን ከስኩዊድ ጋር ሲያነጻጽሩ የሚጠቀሙበት ዋናው መለኪያ የማንትል ርዝመት ነው፤ ይኸውም በጀርባ በኩል ከማንትሉ የፊት ጠርዝ እስከ ጭራው ጫፍ ድረስ ያለው ነው። ጋዜጦች የሚወዱት ግን ከቴንታክሉ ጫፍ እስከ ጭራ ያለውን ጠቅላላ ርዝመት ነው።

የጠቅላላ ርዝመት ችግር ቴንታክሎቹ እንደ ላስቲክ የሚለጠጡ መሆናቸው ነው። በ1887 በኒውዚላንድ ዌሊንግተን አቅራቢያ፣ ላያል ቤይ በተባለ የባሕር ዳርቻ ላይ አንድ ግዙፍ ስኩዊድ ወድቆ ተገኘ፤ ጠቅላላ ርዝመቱም ከ16 ሜትር በላይ እንደሆነ ተመዘገበ። ማንትሉ ግን 1.8 ሜትር ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ማንትል ያለው ግዙፍ ስኩዊድ በተለመደው ሁኔታ ወደዚያ ርዝመት አይደርስም፤ ስለዚህ ቴንታክሎቹ ከሞተ በኋላ ተለጥጠው ነበር ወይም ርዝመቱ በሜትር ሳይሆን በእርምጃ ተገምቶ ነበር ተብሎ ይታመናል። ይህ አንድ መዝገብ ከመቶ ዓመት በላይ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጥ ኖሯል፤ ዛሬም «18 ሜትር» የሚሉ ጽሑፎችን ሲያነቡ ከበስተጀርባቸው ብዙ ጊዜ የሚያገኙት እንዲህ ዓይነቱን ልኬት ነው።

በጥንቃቄ ከተለኩት በርካታ ግዙፍ ስኩዊዶች መካከል የማንትላቸው ርዝመት ከ2.25 ሜትር ያለፈ አይገኝም። ቴንታክሎቹ ሳይለጠጡ ሲታሰብ የእንስቷ ጠቅላላ ርዝመት እስከ 13 ሜትር፣ የተባዕቱ ደግሞ እስከ 10 ሜትር ገደማ ነው። ተማሪዎች ይህን በቃል ሲሰሙት አይገባቸውም፤ ስለዚህ በትምህርት ቤቱ ግቢ በጠመኔ መሬት ላይ ማስመር ይበጃል። 12 ሜትር የሆነ መስመር ያስምሩ፤ ከአንዱ ጫፍ ተነሥተው 2 ሜትሩን ወፍራም አድርገው ያቅልሙ። ያ ማንትሉ ነው። ቀጥሎ ለጭንቅላቱና ለስምንቱ ክንዶች 3 ሜትር ያህል ይተዉ። የቀረው 7 ሜትር በሁለት ቀጫጭን ቴንታክሎች ብቻ የተያዘ ነው። ከመስመሩ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከገመድ የማይተናነስ ነገር መሆኑን ተማሪው በእግሩ እየተራመደ ሲያየው፣ ርዝመት ብቻውን የእንስሳውን ግዝፈት እንደማይናገር ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ከዚያ ጎን የኮሎሳሉን ያስምሩ። በየካቲት 2007 በአንታርክቲካ ሮስ ባሕር ውስጥ፣ ሳን አስፓይሪንግ የተባለች የኒውዚላንድ መርከብ ለቱዝፊሽ ዓሣ በዘረጋችው ረጅም የመንጠቆ መስመር ላይ፣ የተያዘውን ዓሣ እየበላ የመጣ አንድ ኮሎሳል ስኩዊድ ተገኘ። ያን ጊዜ 10 ሜትር ገደማ ይሆናል ተብሎ ተነግሮ ነበር፤ በረዶ ሆኖ ቆይቶ በ2008 ዌሊንግተን በሚገኘው ቴ ፓፓ ሙዚየም ሲቀልጥና ሲለካ ግን 4.2 ሜትር ብቻ ሆኖ ተገኘ። በረዶውና ከሞት በኋላ ያለው መኮማተር ከቴንታክሎቹ ርዝመት ብዙ ወስዷል። ማንትሉ 2.5 ሜትር ነበር። በጠመኔው ሥዕል ላይ ኮሎሳሉ ከግዙፉ እጅግ ያጠረ ሆኖ ይታያል፤ ወፍራሙ መስመር ግን የሚበልጠው የእርሱ ነው።

ክብደት፣ ቀጥሎም መንቁር

ያ የሮስ ባሕሩ ኮሎሳል 495 ኪሎ ግራም መዘነ። የግዙፉ ስኩዊድ ከፍተኛ ክብደት ግን በእንስቷ 275 ኪሎ ግራም፣ በተባዕቱ 150 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ታኒንጊያ እስከ 161 ኪሎ ግራም የመዘነች ሲሆን ማንትሏ 1.7 ሜትር ነበር፤ የሁምቦልት ስኩዊድ ደግሞ 50 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል። በክብደት ከሄድን ቀዳሚው ያለ ክርክር ኮሎሳሉ ነው፤ በጠቅላላ ርዝመት ከሄድን ግዙፉ ነው። ሁለቱን መልሶች በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሳያቀላቅሉ በሁለት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይገባል። ክብደትን ሲመዘግቡ ጾታውን፣ ለአካለ መጠን መድረስ አለመድረሱን፣ አካሉም ሙሉ መሆኑን አብረው ይጻፉ፤ ዓሣ ነባሪ ግማሹን የበላው አካል ክብደቱ ምንም አይነግረንም።

ኮሎሳሎችን ሙሉ አካላቸውን ይዘው የሚያገኙ ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ ስለ እነርሱ አብዛኛውን የምናውቀው ከአንድ ጥቁር፣ ጠንካራና የማይፈጭ አካል ነው፤ እርሱም መንቁራቸው ነው። የስፐርም ዓሣ ነባሪ ጨጓራ ሥጋውን ሲፈጭ መንቁሩን መፍጨት ስለማይችል በሆዱ ውስጥ ይጠራቀማል። ተመራማሪዎች የታችኛውን መንቁር ከሹል ጫፉ እስከ መንጋጋው ማዕዘን ድረስ በሚሊ ሜትር ይለኩና ከዚያ ተነሥተው የእንስሳውን ክብደት ያሰላሉ። የ495 ኪሎ ግራሙ ኮሎሳል በዚህ ልኬት 42 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር፤ ከዓሣ ነባሪዎች ሆድ የተገኙ ግን 49 ሚሊ ሜትር የደረሱ አሉ። እንግዲህ በባሕሩ ውስጥ ከዚያ ከተመዘነው የሚበልጡ አሉ ማለት ነው። ይህንን በደብተርዎ ሲጽፉ 495ን «የተለካ»፣ ከመንቁሩ የሚገኘውን ከ600 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ግምት «የተሰላ» ይበሉት።

ይህንን አካል በገዛ እጅ ማየት ከማንኛውም ሥዕል ይበልጣል። ያልተቆራረጠውን ስኩዊድ በማቀዝቀዣው ታችኛ ክፍል ሌሊቱን ያቅልጡት፤ ከዚያም ሆዱን ወደ ላይ አድርገው ሳህን ላይ ያስተኙትና ክንዶቹን እንደ አበባ ይክፈቱ። በመካከላቸው ክብ ጡንቻ ይታያል። ከበስተኋላው በሁለት ጣት ጫን ሲሉት እንደ ትንሽ እንክብል ተንሸራትቶ ይወጣል፤ ጡንቻውን ገለጥ ሲያደርጉት ቡናማና ጥቁር ቀለም ያላቸው ሁለት ቁርጥራጮች ያገኛሉ። አፋቸው ከበቀቀን አፍ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ በበቀቀን የላይኛው የታችኛውን ሲሸፍን በስኩዊድ የታችኛው የላይኛውን መሸፈኑ ነው። የታችኛውን በካሊፐር ይለኩ፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ቀጥሎ በማንትሉ ጀርባ ውስጥ እንደ ላባ ቀጭንና ብርሃን የሚያሳልፍ ዘንግ ስላለ በቀስታ ስበው ያውጡት፤ ርዝመቱ ከማንትሉ ርዝመት ጋር የተቀራረበ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ከጻፉ በኋላ መንቁሩ 49 ሚሊ ሜትር ቢሆን ኖሮ ሰውነቱ ምን ያህል ይሆን ነበር ብለው ተማሪዎችን ይጠይቁ። ቀጥተኛ ማባዛት እንደማይሠራ፣ ክብደት ከርዝመት በጣም ፈጥኖ እንደሚጨምር ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አላውቅም።

መንቁር ስለ ቁጥርና ስለ ክብደት ልዩነትም ያስተምራል። በደቡባዊው ውቅያኖስ ስፐርም ዓሣ ነባሪዎች ሆድ ከተገኙት የስኩዊድ መንቁሮች የኮሎሳሉ ድርሻ በቁጥር 14 ከመቶ ገደማ ሲሆን በሥጋ ክብደት ሲሰላ ግን ወደ 77 ከመቶ ይደርሳል። ለዓሣ ነባሪው የሚያጠግበው የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ሁለተኛው ቁጥር ነው።

የማደኛ መሣሪያዎቻቸው

እዚህ ላይ ከመለካት ወደ አኗኗር እንሻገራለን። የግዙፉ ስኩዊድ ክንዶችና ቴንታክሎች በክብ መምጠጫዎች የተሞሉ ናቸው፤ የእያንዳንዱ መምጠጫ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ በሆነ ጠንካራ ቀለበት ተከቧል። በስፐርም ዓሣ ነባሪዎች ቆዳ ላይ የሚታዩት ክብ ጠባሳዎች የዚህ ቀለበት አሻራ ናቸው። ኮሎሳሉ ግን ከመምጠጫ በተጨማሪ እውነተኛ መንጠቆዎች አሉት፤ በክንዶቹ መካከል ላይ ያሉት በቦታቸው የተተከሉ ሲሆኑ በቴንታክሎቹ ጫፍ ያሉት ደግሞ በመሠረታቸው ላይ ዙሪያውን የሚሽከረከሩ ናቸው። የሚሽከረከር መንጠቆ የተያዘው ዓሣ ወደየትም ቢወራጭ አብሮት ይዞራል እንጂ አይነቀልም። የሚያድነው ቱዝፊሽ ትልቅና ጉልበተኛ ዓሣ በመሆኑ ይህ መሣሪያ ይገባዋል።

ታኒንጊያ ከሁለቱም ትለያለች። በልጅነቷ የነበሯትን ሁለት ቴንታክሎች ስታድግ ታጣቸዋለች፤ በክንዶቿ ላይ መምጠጫን የተኩ መንጠቆዎች አሏት፤ በሁለት ክንዶቿ ጫፍ ላይ ደግሞ ሎሚ የሚያህሉ፣ እንደ ዓይን ቆብ ባለ ሽፋን የሚከደኑና የሚከፈቱ ብርሃን አመንጪ አካላት አሉ። በ2005 በጃፓን ኦጋሳዋራ ደሴቶች አቅራቢያ ሱኔሚ ኩቦዴራና ባልደረቦቹ በቪዲዮ ሲቀርጿት፣ ማጥመጃውን ከማጥቃቷ በፊት ብልጭታ ስትለቅ፣ በሴኮንድም ከ2 እስከ 2.5 ሜትር ስትፈጥን ታየች። ብልጭታው አዳኙ ርቀቱን እንዲለካ ወይም የሚታደነው እንዲደናገር የሚያደርግ ሳይሆን አይቀርም ብለው ተመራማሪዎቹ ጽፈዋል። እዚህ ላይ በደብተርዎ ብልጭታውን «የታየ» ይበሉት፤ ምክንያቱን ግን በሌላ መስመር ለብቻው ይጻፉ፤ የታየ አይደለምና።

ግዙፉን ስኩዊድ በሕይወቱ ሳለ በመኖሪያው ጥልቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ ያነሡትም ኩቦዴራና ኪዮይቺ ሞሪ ናቸው፤ ይህም በመስከረም 30 ቀን 2004፣ በዚያው በኦጋሳዋራ፣ በ900 ሜትር ጥልቀት ነበር። እንስሳው በማጥመጃው መንጠቆ ላይ አንድ ቴንታክሉ ተይዞ ከአራት ሰዓት በላይ ሲታገል ከ500 በላይ ፎቶዎች ተነሡ፤ በመጨረሻም ተበጥሶ የቀረው ቴንታክል 5.5 ሜትር ሆኖ ተለካ። ፎቶዎቹ ግዙፉ ስኩዊድ ምግብ እስኪመጣለት ድረስ ዝም ብሎ የሚንሳፈፍ ሳይሆን ማጥመጃውን ከጎን መጥቶ የሚያጠቃ አዳኝ መሆኑን አሳዩ። በ2012 ደግሞ ኤዲት ዊደር በዚያው ባሕር የተሻለ ዘዴ ተጠቀመች። ነጭ መብራት የያዘና የሚጮኽ መርከብ እንስሳውን እንደሚያስፈራራ አስባ፣ የጥልቅ ባሕር እንስሳት አብዛኞቹ የማያዩትን ቀይ ብርሃን የሚጠቀም ድምፅ አልባ ካሜራ አወረደች፤ ለማጥመጃም አቶላ የተባለው ጄሊፊሽ ሲጠቃ የሚለቀውን ሰማያዊ የብርሃን ዙር የሚያስመስል መሣሪያ አንጠለጠለች። ግዙፉ ስኩዊድ መጣ። የመጣው ጄሊፊሹን ለመብላት ሳይሆን ጄሊፊሹን የሚያጠቃውን ሌላ እንስሳ ፍለጋ ይሆናል የሚለውን ሐሳቧን እጅግ አደንቃለሁ፤ የእንስሳውን አኗኗር ከራሱ ከእንስሳው ወገን ሆኖ ማሰብ ማለት ይህ ነውና። በ2019ም በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ በ759 ሜትር ጥልቀት፣ በዚሁ ዘዴ አንድ ሌላ ተቀርጿል።

ሳይሰጥሙ መቆየት

በማዕድ ቤት የከፈትነው ስኩዊድ ሥጋው ጡንቻ ብቻ ነው፤ ከባሕር ውኃ ስለሚከብድ መዋኘት ሲያቆም ይሰጥማል። የሁምቦልት ስኩዊድም እንዲሁ ነው። በመቶዎች ኪሎ ግራም የሚመዝን እንስሳ ግን ላለመስጠም ብቻ ቀንና ሌሊት ከዋኘ የሚበላው ሁሉ ለዚያው ያልቅበታል። ሁለቱ ታላላቆች ይህን ችግር ከባሕር ውኃ በሚቀልል በአንድ ዓይነት ንጥረ ነገር፣ በአሞኒየም ክሎራይድ ፈተውታል፤ የሚያስቀምጡበት ቦታ ግን የተለያየ ነው። ግዙፉ ስኩዊድ በሥጋው ውስጥ በተበታተኑ ጥቃቅን ክፍተቶች ይይዘዋል፤ ሥጋው መራራ የሆነውና ለሰው የማይበላው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሲሞትም ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ተንሳፎ የሚገኘው ለዚሁ ነው። ኮሎሳሉ ግን እንደ መስታወት ስኩዊድ ወገኖቹ በሰውነቱ ውስጥ ባለ አንድ ሰፊ የፈሳሽ ክፍል ያጠራቅመዋል። በየገጹ ላይ «የት ያስቀምጣል?» የሚል መስመር ይክፈቱ፤ ምክንያቱም አንድን መፍትሔ በሁለት መንገድ የደረሱበትን እንስሳት ዝምድና ለማጤን ከመጠን ይልቅ ይህ ይረዳል።

ዓይን

የሁለቱም ታላላቆች ዓይን ስፋት ወደ 27 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ትልቅ የገበታ ሳህን ያህል ነው። የጠመኔውን ሥዕል በሠሩበት ግቢ ላይ አንድ ሳህን ያስቀምጡ፤ በጎኑም 9 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ይሣሉ፤ ያ ደግሞ ከዓሦች ትልቅ ዓይን ካላቸው አንዱ የሆነው የሶርድፊሽ ዓይን ነው። በሦስት እጥፍ የሚበልጥ ዓይን ለማሳደግና ለመመገብ ብዙ ጉልበት ይፈጃል፤ ታዲያ ምን ያስገኛል?

ዳን ኤሪክ ኒልሰንና ባልደረቦቹ በ2012 ይህን በሒሳብ መርምረውታል። የቀን ብርሃን እንኳ በማይደርስበት ውኃ ውስጥ ትንሽ የሚያበራ እንስሳን ለማየት ዓይን ከሶርድፊሹ መጠን በላይ ቢያድግ ጥቅሙ እጅግ ጥቂት ነው። አንድ ነገር ግን ይለያል። ስፐርም ዓሣ ነባሪ ከ600 ሜትር በታች እየጠለቀ ሲመጣ በመንገዱ ያሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ሲነካኩ ይበራሉ፤ ግዙፉ አካል በደብዛዛ የብርሃን ጭጋግ ተከቦ ይታያል። ያን ሰፊና ደብዛዛ ነገር ከሩቅ ለመለየት እጅግ ትልቅ ዓይን ይጠቅማል፤ በስሌታቸው መሠረት ከ120 ሜትር በላይ ርቀት ሊታይ ይችላል። ዓሣ ነባሪው ስኩዊዱን በድምፅ ሞገድ ከዚያ ርቆ ሳለ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ዓይኑ ስኩዊዱን ከመታየት አያድነውም፤ ለማምለጥ የሚበቃ ጥቂት ጊዜ ግን ይሰጠዋል። ዓይን ለማደን ብቻ እንደተፈጠረ አድርገን ለለመድን ሰዎች ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። የርቀቱ ቁጥር «የተሰላ» መሆኑን መጻፍ አይርሱ፤ የዓይኑ ስፋት ግን የተለካ ነው።

የቀን ወጪያቸው

ማነጻጸሩ ከሁሉ ይልቅ ፍሬ የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። ሩዊ ሮሳና ብራድ ሴይቤል በ2010 ባወጡት ስሌት፣ በ1.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ውኃ ውስጥ የሚኖር 500 ኪሎ ግራም የሆነ ኮሎሳል ስኩዊድ በቀን የሚያስፈልገው ምግብ 30 ግራም ያህል ብቻ ነው። አንድ እፍኝ ሽምብራ በሚዛን ላይ አድርገው ያሳዩ። በዚህ ሒሳብ አንድ 5 ኪሎ ግራም ቱዝፊሽ ከአምስት ወር በላይ ያኖረዋል። ይህ እንስሳ እያሳደደ የሚያድን ሳይሆን በብርዱ ውስጥ ተንሳፎ፣ ጉልበቱን ቆጥቦ፣ የቀረበውን የሚይዝ ነው ማለት ነው፤ የሚሽከረከሩት መንጠቆዎች፣ የፈሳሹ ክፍልና ግዙፉ ዓይንም ከዚህ ጋር ይገጥማሉ። አልፎ አልፎ ብቻ የሚገኝ ምግብ ከእጅ እንዳያመልጥ መንጠቆ፣ ያለ ድካም ለመቆየት ቀላል ፈሳሽ፣ ቀርፋፋ ሆኖ ሳለ እንዳይበላ ደግሞ ሩቅ የሚያይ ዓይን ያስፈልገዋል።

የሁምቦልት ስኩዊድ ከዚህ ፍጹም ተቃራኒ ነው። ዕድሜው አንድ ወይም ሁለት ዓመት ብቻ ሆኖ ሳለ በዚያ አጭር ጊዜ ከሩዝ ፍሬ ከማይበልጥ ጫጩት ተነሥቶ እስከ 50 ኪሎ ግራም ያድጋል፤ በመንጋ ይዋኛል፤ ሌሊት ወደ ላይ ወጥቶ ያለ ዕረፍት ይበላል። ቀኑን ግን ኦክስጅን እጅግ ወደ ቀነሰበት የውኃ ንጣፍ ወርዶ ያሳልፋል፤ በዚያ ሳለ የኦክስጅን ፍጆታውን በ80 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በመርከብ ላይ በተደረገ ሙከራ ተለክቷል። ብዙዎቹ ፈጣን አሳዳጆቹ በዚያ ንጣፍ ብዙ መቆየት አይችሉም። ስለዚህ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ዓይነት ኑሮ ይኖራል ማለት ይቻላል፤ ሌሊት አባካኝ፣ ቀን ቆጣቢ። «ትልቅ የጥልቅ ባሕር ስኩዊድ ቀርፋፋ ነው» ብሎ በጅምላ መጻፍ ስሕተት የሚሆነው እርሱን በማሰብ ነው።

ግዙፉ ስኩዊድ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ይመስለኛል። ሥጋው በአሞኒየም የቀለለ በመሆኑ እንደ ሁምቦልቱ ፈጣን ሊሆን አይችልም፤ የ2004ቱ ፎቶዎች ግን ዝም ብሎ የሚጠብቅ እንዳልሆነ መስክረዋል። ለእርሱ የምግቡን የቀን ልክ ከኮሎሳሉ ገልብጠው አይጻፉ፤ የሚኖርበት ውኃ ሙቀት የተለየ ነው፤ የሰውነቱ አሠራርም ሌላ ነው። የሚኖርበት ቦታም እንዲሁ ሊለይ ይገባል። ኮሎሳሉ በአንታርክቲካ ዙሪያ በደቡባዊው ውቅያኖስ የተወሰነ ሲሆን ግዙፉ ግን ከኒውፋውንድላንድና ከኖርዌይ እስከ ጃፓን፣ ደቡብ አፍሪካና ኒውዚላንድ ድረስ ይገኛል። በ2013 ከልዩ ልዩ ባሕሮች የተሰበሰቡ የ43 ግዙፍ ስኩዊዶች የዘር ውርስ ሲመረመር ልዩነታቸው እጅግ ጥቂት ሆኖ በመገኘቱ፣ ቀድሞ በብዙ ስም ይጠሩ የነበሩት ሁሉ አንድ ዝርያ መሆናቸው ታውቋል። የቆዩ መጻሕፍት ውስጥ ሌሎች የአርኪቴውቲስ ስሞች ቢያጋጥሙዎት በዚያው በአንዱ ገጽ ላይ ያስፍሯቸው።

ደብተሩን ወቅታዊ ማድረግ

መጋቢት 9 ቀን 2025 በደቡብ ሳንድዊች ደሴቶች አቅራቢያ፣ በ600 ሜትር ጥልቀት፣ የሽሚት ውቅያኖስ ተቋም ሱባስቲያን የተባለው ከርቀት የሚመራ መሣሪያ አንድ ኮሎሳል ስኩዊድ ቀረጸ። ዝርያው ከተገለጸ ልክ መቶ ዓመት ሆኖት ነበር፤ በመኖሪያ ጥልቀቱ በሕይወት ሲቀረጽም የመጀመሪያው ነው። ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር፤ ሰውነቱ እንደ መስታወት የሚያሳልፍ ልጅ ነው። በኮሎሳሉ ገጽ ላይ «የልጅነት መልክ» በሚለው መስመር ጥልቀቱን፣ ቦታውንና ርዝመቱን ከነቀኑ ጽፈው «የታየ» ይበሉ። «ያደገው በጥልቀቱ እንዴት እንደሚያድን» የሚለውን መስመር ግን ባዶውን ይተዉት፤ በጎኑ በእርሳስ ዛሬ ያሉበትን ቀን ይጻፉ።